«ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ለምን አይበቃም፦ መላ ሰውነቷን ለሚያማት ሴት የተሠራ የንክኪ ምርመራ (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ይሄን ኬዝ መረጥኩ

መላ ሰውነታቸውን ለወራትም ለዓመታትም የሚያማቸው ሰዎች ሲመጡ የንክኪ ምርመራ ብለን ብዙ ጊዜ ምንሠራው ጥጥ አንዴ እጅ አንዴ እግር ላይ አስነክቶ «ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ «አዎ» ሲባል ካርዱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ይጻፋል፣ በቃ። ይሄ ጥያቄ ነርቭ ተጎድቶ የደነዘዘ ቦታ ለመፈለግ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ግን የእነዚህ ሰዎች ጣጣ አለመሰማት አይደለም፣ ከልክ በላይ መሰማት ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም። እዚ ጋ ምጽፈው ኬዝ ምርመራውን ቀየር አድርገን ስንሠራው ምን እንደወጣ እና በወጣው ነገር ምን እንደተሠራበት ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ምሠራው አዲስ አበባ ነው። ታካሚዋ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፣ ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችል ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

ዳራ

በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ነች። አረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ለዓመታት ኖራ ተመልሳለች፣ አንዲት ልጅ አለቻት፣ አሁን ከእህቷ ጋ ሆና እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ህመሙ የጀመራት እዛው እያለች ነው፣ መጀመሪያ አንገቷና ትከሻዋ አካባቢ ነበር፣ ከዛ ወገቧ ተጨመረ፣ ከዛ ጭኗ፣ ክንዷ፣ በመጨረሻ «የቱ ጋ ነው ሚያምሽ?» ስትባል «የቱ ጋ ነው ማያምሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይቀላል» ትል ጀመር። እንቅልፍ ይወስዳታል ግን ስትነሳ ሌሊቱን ሙሉ ስትሸከም ያደረች ነው ሚመስላት። ነገር ይጠፋባታል፣ ሊጡ ፊት ቆማ እርሾ ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም እያለች ትቸገራለች፣ ይሄ ደግሞ ለእንጀራ ጋጋሪ ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ያልተመረመረችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሪህ፣ የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ፣ የወገብ ኤምአርአይ፣ ራጅ፣ ሁሉም ይሄን ህመም የሚያብራራ ነገር አላሳየም። ዲክሎፌናክ መርፌ ተወግታለች፣ ትራማዶል ወስዳለች፣ አንዳንዱ ለቀናት ያስታግሳታል ከዛ ይመለሳል። ሰፈር ውስጥ «ብርድ ነው» ያላት አለ፣ «ዓይነ ጥላ ነው» ያላትም አለ፣ ጸበልም ሄዳለች። አንድ ባለሙያ ደግሞ ወረቀቶቹን ሁሉ አገላብጦ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብሏታል። እሷን በጣም የጎዳት ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም እቤት ስትመለስ ቤተሰቡም «ዶክተሩ እኮ ምንም የለብሽም ብሏል» ማለት ጀመረ።

ወደኛ የላካት ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያም፣ ድካምና የማያሳርፍ እንቅልፍ ያለበት ህመም) ጠርጥሮ ነው። በ1990 (እዚ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መስፈርት ይሄ ህመም ሚለየው ሰውነት ላይ ከተመረጡ 18 ነጥቦች ቢያንስ 11ዱ በ4 ኪሎ ገደማ ግፊት ሲጫኑ የሚያሙ ከሆነ ነበር። በ2010 የወጣው መስፈርት ነጥብ መጫኑን ትቶ ሰውነትን 19 ቦታ ከፍሎ ስንቱ ጋ እንደሚያም ይቆጥራል፣ በዛ ላይ ድካሙን፣ የማያሳርፈውን እንቅልፍ፣ የሐሳብ መበተኑን ይመዝናል፣ 2016 ላይ እንደገና ተሻሽሏል፣ ህመሙ ቢያንስ 3 ወር የቆየ መሆን አለበት። እሷ ቢያንስ 7 ቦታ ሚለውን በደንብ አልፋለች፣ በምልክቶቹ ክብደትም አልፋለች። ስለዚ ስሙ ላይ ብዙ ጥርጣሬ አልነበረንም።

ችግሩ ምን ነበር

ስም መስጠቱ አላሳረፋትም። መጀመሪያ ስናወራት ስለ ህመሟ ብቻ አልነበረም ምታወራው፣ ስለ መነካት ነበር። ሹሩባ መሠራት ካቆመች ቆይታለች፣ ጸጉሯ ሲሳብ አትችልም። ታክሲ ውስጥ ጎኗ ያለው ሰው ክንዱ ሲነካት ትወርዳለች፣ ከዛ በእግሯ ትሄዳለች። ልጇ ከትምህርት ቤት መጥታ ልታቅፋት ስትሮጥ እጇን ዘርግታ ታስቆማታለች፣ ይሄን ስትነግረን ነው ያለቀሰችው። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግማ አለች፦ ነጠላ አልችልም፣ ጋቢ ግን እችላለሁ። እህቷ ይሄን ስትሰማ ግራ ገባት፣ እንዴት ቀላሉ ሚከብድ ከባዱ ሚቀል ልብስ ይኖራል ብላ። እኛ ግን እዛ ጋ ነው ጆሯችን የቆመው፣ ምክንያቱም ቀላል ተንቀሳቃሽ ንክኪና ሰፋ ያለ የማይነቃነቅ ግፊት ሰውነት ውስጥ የሚያስተናግዳቸው መንገድ አንድ አይደለም።

ካርዷ ላይ ግን በተለያየ ሐኪም እጅ የተጻፈው «ስሜት፦ ኖርማል» ነበር። ያ ጽሑፍ ውሸት አይደለም፣ ጥጡ ተሰምቷታል። ምን እንደተሰማት ግን አልተጻፈም።

ምን አደረግን

በደንብ የተደራጁ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ለዚህ የሚሠራው በልክ የተመጠነ የስሜት ምርመራ ነው፣ የጀርመን የነርቭ ህመም የጥናት መረብ ያወጣው ፕሮቶኮል ለምሳሌ 7 ፈተና እና 13 መለኪያ አለው፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በኮምፒውተር የሚሰጥ መሣሪያም ይፈልጋል። ያ እኛ ጋ የለም። የነበረን 10 ግራም ላይ የሚጎብጠው የናይለን ክር ነው፣ የስኳር ታካሚዎች እግር ምንፈትሽበት። ይሄ ክር አገራችን ውስጥ እንግዳ አይደለም፣ በአለርት እና በሌሎችም የስጋ ደዌ ህክምና ባለበት ቦታ እጅና እግር የሚፈተሽበት የሱ ዘር ነው። ሐሳቡ ደግሞ የቆየ ነው፣ ማክስ ፎን ፍሬይ የሚባል ጀርመን አገር ይሠራ የነበረ ተመራማሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የፈረስ ጸጉር እንጨት ጫፍ ላይ አጣብቆ ነው የጀመረው። ክሩ እስኪጎብጥ ስትጫነው ማንም ሰው ቢይዘው ግፊቱ ያው ነው፣ ጥቅሙ እሱ ነው።

ሌላውን ካገኘነው ነገር አሟላን፦ ጥጥ፣ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ ስቴኪኒ (ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ፣ ከዛ ሚጣል)፣ የታጠፈ የወረቀት ክሊፕ፣ ማስመሪያ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የያዙ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች። ለግፊት መለኪያ መሣሪያ ስለሌለን አውራ ጣት ተጠቀምን። ጥፍሩ መንጣት እስኪጀምር ስትጫን 4 ኪሎ ገደማ ነው ይባላል፣ ግን የሰው ጣት ይለያያል፣ ስለዚ የኩሽና ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ 4 ኪሎ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመን እየተጫንን እጃችንን አለማመድነው፣ ከእያንዳንዱ ምርመራ በፊትም እንደዛው። ርካሽ ነው፣ ግን ያለሱ የኔ 4 ኪሎና የባልደረባዬ 4 ኪሎ አንድ አይሆንም ነበር።

እህቷን እንደ ማነጻጸሪያ ተጠቀምንባት። ዕድሜያቸው ይቀራረባል፣ ሥራቸው አንድ ነው፣ እጃቸው ላይ ያለው የምጣድ ጠባሳ እንኳን ይመሳሰላል። እሷ ላይ የሠራነውን ሁሉ እህቷም ላይ ሠራን፣ በፈቃዷ። መጽሐፍ ላይ ያለ «ኖርማል» ቁጥር ከሌላ አገር ከሌላ መሣሪያ የመጣ ስለሆነ ለኛ ቤት መሣሪያ ብዙም አይረዳም።

*ዓይን መጨፈን።* ምርመራው ሲሠራ ታካሚው እንዳያይ ዓይኑን ይጨፍናል። እሷ ስትጨፍን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ትንፋሿ አጠረ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም፣ አረብ አገር ያሳለፈችውን በራሷ ጊዜ በኋላ ነግራናለች፣ እዚ አልጽፈውም። ያደረግነው ምንድነው፣ ጋቢ በሁለት ወንበር መሃል ወጥረን ክንዷን ከጋቢው ማዶ አሳለፍን፣ ዓይኗ ተከፍቶ፣ በሩን እያየች፣ እኔን እያየች። ትከሻዋ ወረደ። ይሄ ለምርመራው ውጤት ራሱ አስፈላጊ ነው፣ የፈራ ሰውነት ሁሉም ነገር የበለጠ ይሰማዋል።

*አዎ ማለት።* ክሩን ሳናስነካት «ይሰማሻል?» ብለን ስንጠይቃት አንዳንዴ «አዎ» ትላለች። ይሄ ማታለል አይደለም፣ ስንጠይቃት «ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው እኮ እህቴ፣ ደክመሽ እየሠራሽ» አለችኝ። ይሉኝታ ነው፣ እኛ አገር ታካሚ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ይሄ ሁሌም አለ፣ ምርመራው እሱን አስቦ መሠራት አለበት። ስለዚ ጥያቄውን ለወጥነው፦ «አንድ» እላለሁ፣ «ሁለት» እላለሁ፣ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ብቻ ነው ምነካሽ፣ የቱ ላይ እንደሆነ ንገሪኝ። እዚ ጋ «አዎ» ብሎ ማስደሰት አይቻልም፣ መምረጥ የግድ ነው፣ ካልተሰማት ደግሞ ግማሹን ትስታለች፣ ያኔ ይታወቃል።

*ከዜሮ እስከ አሥር።* ይሄ አልሄደም። ህመምሽ ከ10 ስንት ነው ስንላት ወይ «አሥር» ወይ «ተመስገን ነው» ነው መልሷ። በሱ ምትክ 10 የደረቀ ባቄላ ስኒ ውስጥ አደረግንላት፣ ምንም ካላመማት ስኒው ውስጥ ትተዋለች፣ ያመማትን ያህል እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። የባቄላ ነገር ስትሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን እጇ ስኒው ውስጥ ገብቶ ሦስት አውጥቶ ትንሽ አስቦ አራተኛ ሲጨምር በቃ መለኪያ አገኘን ማለት ነው። ከባቄላው ለይተን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠየቅን፦ ይመቻል፣ አይመችም፣ ወይስ እንዲሁ ነው? ህመምና አለመመቸት አንድ አይደሉም፣ የማያም ግን ጨርሶ ማይመች ንክኪ አለ።

ቅደም ተከተሉ ሁሌም ከማያማት ቦታ ወደሚያማት፣ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ነው። ከስቴኪኒ ብትጀምሩ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሽቷል።

ምን አገኘን

የናይለኑ ክር እግሯም እጇም ላይ በደንብ ተሰማት፣ በ«አንድ ወይስ ሁለት» ጥያቄም አልሳተችም። ሙቅና ቀዝቃዛውን ለየች። ጣቷ ጫፍ ላይ የክሊፑን ሁለት ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ሁለት መሆኑን አወቀች፣ ጤነኛ ሰው የጣት ጫፉ ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ባለው ነው ሚለየው። እስከዚህ ድረስ ካርዱ ላይ የተጻፈው «ኖርማል» ትክክል ነበር።

ጥጡን ክንዷ ላይ ስናንሸራትት ግን እጇን ሰበሰበች፣ ባቄላ አወጣች፣ «ሳማ የነካኝ ነው ሚመስለኝ» አለች። ጥጥ ነው እኮ። ከዛም በላይ፣ ጥጡ ከተነሳ በኋላ ስሜቱ አልለቀቃትም፣ ከጋቢው ማዶ ያለው እጇን በሌላኛው እጇ እያሸች ቆየች። እህቷ ጋ ያው ጥጥ «ይኮረኩራል» ብቻ ነበር፣ ባቄላ አልወጣም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ብሩሽ ደግሞ ከፈጣኑ ባሰባት። ይሄ ትኩረት ሚሰጠው ነው፣ ምክንያቱም ጸጉር ያለው ቆዳችን ላይ በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚሆን ፍጥነት ለሚዳስስ እጅ በተለይ የሚነቁ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ፣ እናት ልጇን ስትዳብስ ያለው ፍጥነት ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ደስ ሚለው እሱ ነው። እሷ ላይ ደስ ሚለው ነገር ራሱ ተገልብጧል። ልጇን እጇን ዘርግታ ያስቆመችበት ምክንያት ባህሪ እንዳልሆነ እዚ ጋ ታየ።

መዳፌን ሙሉ በሙሉ ክንዷ ላይ አሳርፌ ጠበቅ አድርጌ ስይዛት ግን «ይሄ ይመቻል» አለች። የነጠላና የጋቢ ነገር በምርመራውም ታየ ማለት ነው። በአውራ ጣት ነጥብ ላይ ስንጫን ሌላ ታሪክ ነው፣ ሚዛኑ ላይ 4 ኪሎ ሳይደርስ ብዙ ቀድሞ ነው ያስቆመችን፣ እህቷ 4 ኪሎውን «ተጫንሽኝ» ብላ አለፈችው። 2002 ላይ ግሬስሊ እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የፋይብሮማያልጂያ ታካሚዎችን የአውራ ጣት ጥፍር እየተጫኑ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ሲያዩ ተመሳሳይ ነገር ነው ያገኙት፣ ጤነኞቹ ያን ያህል እንዲያማቸው እጥፍ ገደማ ግፊት ያስፈልጋቸው ነበር፣ በታካሚዎቹ አንጎል ላይ የሚታየው ምላሽ ደግሞ ከሚሉት ህመም ጋ የሚሄድ ነበር። እያጋነኑ አልነበረም።

ስቴኪኒ አንድ ጊዜ ስትነካት 2 ባቄላ። በሴኮንድ አንዴ አድርጋችሁ 10 ጊዜ እዛው ቦታ ላይ ስትነኳት 7 ባቄላ። እህቷ ከ1 ወደ 2 ነው የሄደችው። ግፊቱ አልጨመረም፣ የጨመረው አከርካሪ ውስጥ ያለው ምልክት ነው፣ እያንዳንዱ ንክኪ ያለፈው ላይ እየተደመረ ይሄዳል። በጣም ጠቃሚ ሆኖ ያገኘነው ፈተና ይሄ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ ስቴኪኒ ብቻ ነው ሚፈልገው።

ጀርባዋ ላይ ሌላ ነገር ወጣ። ሁለት ጫፍ ሲነካት አንድ ነው ትላለች፣ ከእህቷ በጣም አራርቀን ካልነካናት ሁለት መሆኑን አትለይም። በማርከር ቦታ ቁጥር ሰጥተን «የቱ ጋ ነካሁሽ?» ስንላት ቀኙን ከግራ አታሳስትም፣ ላይና ታቹ ግን ይምታታባታል። ይሄ ላይ ግን ብዙ አልደገፍኩም፣ ጀርባ ህመም ላይ በደንብ የታየ ነገር ቢሆንም አንድ ሰው ላይ በወረቀት ክሊፕ ተለክቶ ትልቅ ነገር መናገር አይቻልም።

አንድ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ጥጥና ክር ሚፈትሹት ወፍራሞቹን የነርቭ ክሮች ነው። ፋይብሮማያልጂያ ከተባሉ ሰዎች ግማሽ ገደማዎቹ ላይ በቆዳ ናሙና የቀጫጭኖቹ ክሮች መጎዳት ታይቷል፣ ስለዚ የሷ ክር ላይ ማለፍ «ነርቭሽ ሙሉ ጤነኛ ነው» ለማለት አያስችልም። የቆዳ ናሙናውን ማሠራት አልቻልንም፣ ውሃውና ስቴኪኒው ላይ ማለፏን ብቻ ነው መጻፍ የቻልነው፣ እንደዛው ነው የጻፍነው።

በውጤቱ ምን ተሠራ

መጀመሪያ ውጤቱን አሳየናት፣ ባቄላውን ራሱን። የሷን 7 እና የእህቷን 2 ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አንድ ዓይነት ስቴኪኒ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ዓይነት ቦታ አልናት። እህቷ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ስታጋንኚ ይመስለኝ ነበር» አለቻት። ቤት ውስጥ ነገር የተቀየረው ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ብላ ነው ምትነግረን። ከዛ አስረዳናት፦ ቆዳሽ አልተበላሸም፣ ከቆዳሽ የሚመጣውን ወሬ አንጎልሽና አከርካሪሽ ድምጹን ከፍ አድርገው ነው ሚሰሙት፣ ይሄ ህመም ስም አለው፣ የዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበር 2017 ላይ ለዚህ ዓይነቱ የራሱን መደብ ሰጥቶታል።

ልጇን ጠርተን እንዴት እንደምትነካት አሳየናት። ሮጦ መጥቶ መለጠፍ የለም፣ «እማ መጣሁ» ይባላል፣ ከፊት ለፊት ይመጣል፣ መዳፍ ሙሉ ሆኖ ጠበቅ ተደርጎ ይታቀፋል፣ አይዳበስም፣ አይታሽም። ልጅቷ በአንዴ ገባት፣ ከትልቅ ሰው ይልቅ።

ጨርቅ ማለማመድ ሠራን፣ ከምትችለው ጀምሮ፦ የራሷ እጅ፣ ጋቢ፣ ፎጣ፣ ከዛ ነጠላ፣ መጨረሻ ላይ ጥጥ፣ በራሷ እጅ፣ አጠር ላለ ጊዜ፣ ስሜቱ ሳይብስባት በፊት ታቆማለች። ጀርባዋ ላይ እህቷ በጣቷ እየነካች የቱ ቁጥር እንደሆነ ታስገምታታለች። የእግር ጉዞ ቀስ እያለ የሚጨምር ሰጠናት፣ ለዚህ ህመም ከሁሉም በላይ ማስረጃ ያለው እንቅስቃሴ ነው፣ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ምክረ ሐሳብ ላይም በጠንካራው የሚመከር እሱ ብቻ ነው። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን የሚባል መድኃኒት በትንሹ፣ ማታ ማታ 10 ሚሊግራም ጀመረላት፣ ትራማዶሉን ቀስ በቀስ አስቆማት።

የሠራው እና ያልሠራው

እንቅልፏ ተሻሻለ፣ ይሄ መድኃኒቱም ይሆናል መራመዱም ይሆናል፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ልጇን ታቅፋለች። ቤት ውስጥ ነጠላ ትለብሳለች፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይደለም። ከወራት በኋላ የ10 ስቴኪኒውን ፈተና ስንደግመው ባቄላው ወደ 4 ወርዶ ነበር፣ ጥጡ አሁንም «ደስ አይልም» ግን ሳማ መሆኑ ቀርቷል። አጠቃላይ ህመሟ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፣ እንደሚጠፋም ቃል አልገባንላትም።

ሹሩባው አልሆነም። ራስ ቅሏ ላይ ጨርቅ ማለማመዱ ምንም አላመጣም፣ አሁን ጸጉሯን አሳጥራ ነው ምትይዘው። ታክሲም ያው ነው፣ የማታውቀው ሰው ሳታስበው ሲነካት ማለማመዱ አይሠራም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ንክኪውን አስቀድሞ ማወቁ ነው ግማሹ ሥራ። የብረቱ ክሊፕ ጠዋት ላይ ቀዝቅዞ ሲነካት ራሱ ቅዝቃዜው ያማት ነበር፣ ከዛ እጃችን ውስጥ አሙቀን መጠቀም ጀመርን። ሁሉንም ፈተና በአንድ ቀጠሮ መጨረስም አልሠራም፣ ከመጀመሪያው ረጅም ምርመራ በኋላ ለቀናት ብሶባት መጋገር አልቻለችም፣ ለሷ ያ ማለት ገቢ ማጣት ነው። ከዛ በኋላ በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሠራነው።

ጸበሉን በተመለከተ እኛ ምንም አላልናትም፣ መፍትሔውን ራሷ ነው ያመጣችው፦ ቀዝቃዛው ውሃ ላይዋ ላይ ሲወርድ ስለማትችል አሁን ትጠጣለች እንጂ አትጠመቅም፣ ካህኑንም አስረድታ ተስማምተዋል። እምነቷንም ቆዳዋንም ሳትጎዳ መሄዷ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሌላ ቦታ ሊጠቅም የሚችለው

ንክኪ ስትመረምሩ ሦስት ጥያቄ ለየብቻ ጠይቁ፦ ተሰማሽ ወይ፣ የቱ ጋ ነው፣ እንዴት ነው ስሜቱ። የመጀመሪያው ብቻ ከተጠየቀ እንደዚች ሴት ያለ ሰው ሁሌም «ኖርማል» ነው ሚወጣው። ካርዱ ላይም ቃሏን ጻፉ፣ «ጥጥ ይሰማታል፣ ክንዷ ላይ እንደ ሳማ ያማታል፣ ከተነሳ በኋላም ይቆያል፣ በመዳፍ ጠበቅ ሲደረግ ይመቻታል» ማለት አንድ መስመር ነው፣ ቀጥሎ ለሚያያት ሐኪም ግን ብዙ ይነግረዋል።

ምርመራው የሚሠራበትን መንገድ ለሰዉ ባህል አስተካክሉት። ይሉኝታ ያለበት ቦታ «አዎ ወይስ አይ» የሚል ጥያቄ አይታመንም፣ ምርጫ ያለው ጥያቄ ይሻላል። ቁጥር ካልሄደ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጠጠር፣ እጅ ሚይዘው ነገር ስጡ። ዓይን ማስጨፈን የግድ አይደለም፣ በተለይ ምን እንዳሳለፈች ማታውቁትን ሴት። ወንድ ባለሙያ ከሆነ ሚመረምራት ደግሞ የምታምነው ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

የቤተሰብ ሰው ማነጻጸሪያ ማድረጉ ሁለት ሥራ ነው የሠራልን፣ ቁጥር ሰጠን፣ ደግሞ እቤት ውስጥ የሚያምናት ሰው አገኘችበት። ሁለተኛውን አስበን አልነበረም የጀመርነው ግን አሁን ሆን ብለን ነው ምናደርገው። እርግጥ ነው ሁሉም ቤተሰብ እንደዚህ አይቀበልም፣ ታካሚዋ ማን እንዲገባ እንደምትፈልግ ለብቻዋ ስትሆን መጠየቅ አለባት።

ይሄ ሁሉ ግን ጥጡ ለሚሰማው ሰው ነው። ክሩ ጨርሶ የማይሰማበት ቦታ ካለ፣ ድንዛዜው ወይ ድክመቱ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከእግር ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ ቆዳ ላይ የነጣ የደነዘዘ ምልክት ካያችሁ፣ ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ፣ ያ ሌላ ኬዝ ነው፣ ባቄላና ስቴኪኒ ሳትደረድሩ በዛው ቀን ወደ ሐኪም ላኩ።